ሁለት መቶ ኩንታል ትጭናለች

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን የሚጀምረው በሌሊት ነው። ጨረቃ አልነበረችም፤ ውሻ ጮኸ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ጠረገች ይላል። እኔ ከመርካቶ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ልክ በስድስት ሰዓት ነው። ተሳቢ የምትጎትት የጭነት መኪና ከጎጃም በረንዳ በጨለማ ሾልካ አትወጣም። ገና ሞተሯን ሳስነሣ ጋሪ ገፊው፣ ኩሊው፣ በርበሬ ሻጩ፣ ባለ አህያው ዙሪያዬን ከቦ አንዱ ወደ ኋላ በል ሲለኝ ሌላው ወደ ፊት ይለኛል። ከዚያች ጠባብ መንገድ እስክወጣ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ያለቀሰልኝ ሰው ከነበረም በጥሩምባው ጩኸት አልሰማሁትም።

ይህን የምጽፈው አውቶቡስ ተራ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ስለ ናይሮቢ ለምታወሩ ሾፌሮች ነው። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አውርቻለሁ። አዲስ መንገድ እየተሠራ ነው፣ ቀድሞ የገባ ሾፌር በሁለት እጁ ይበላል ሲባል ሰምቼ ራሴን ነቅንቄያለሁ። አንድም ቀን ድንበሩን ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም፤ ሁላችንም ግን መንገዱን እናውቀው ነበር።

መኪናዋ የጣሊያን ሥራ ናት፤ አረንጓዴ፣ አፍንጫዋ ረጅም። ግማሿ የእኔ፣ ግማሿ የባለቤቴ የአስናቀች አባት የጋሽ ወርቅነህ ናት። ጋሽ ወርቅነህ ጎጃም በረንዳ የእህል መጋዘን ያላቸው፣ ከዘራ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጭነት ሲጫን እሳቸው መኪናዋን ይዞሩና ጎማዋን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ባሌስትራውን ያያሉ፤ ከጎማው በላይ ተደራርቦ ሸክሙን የሚችለውን ቅስት ብረት ማለቴ ነው። ቅስቱ ገና ቅስት ከሆነ «ጨምሩ» ይላሉ። ቀጥ ሲል ዝም ይላሉ። ወደ ታች ሊጎብጥ ሲቃጣው «በቃት» ይላሉ። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ጭነናል፤ ሌላ ሚዛን አላውቅም ነበር።

አሳባችን ይህ ነው። እኔ ቀድሜ እገባለሁ፣ መኪናዋን ሥራ አስይዛለሁ፣ በስድስት ወር ውስጥ አስናቀችንና የአራት ዓመቷን ልጃችንን ማርታን እወስዳለሁ። ከዚያ የአስናቀች ወንድም አበራ የጋሽ ወርቅነህን ሁለተኛ መኪና ይዞ ይከተለናል። የአምስት ሰው ኑሮ የተንጠለጠለው በአንዲት መኪና ሥራ መያዝ ላይ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። መርካቶ ውስጥ እንዳለ የማይነገሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመኪና ጭነት ከፍ ይደረጋል፤ የገበያ ትርፍ ዝቅ ይደረጋል። መኪናህ ዘጠና ኩንታል የምትጭን ከሆነ መቶ ሠላሳ ትላለህ፤ አስጫኙም በልቡ ይቀንሳል። ሥራ እንዴት ነው ሲሉህ፣ እጅህ ላይ የደንበኛ ወረፋ ተሰልፎም ቢሆን፣ ሞቷል፣ ገበያው ሞቷል ትላለህ፤ ጠያቂህም በልቡ ይጨምራል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተታለለም። ልኩን ሁሉም ያውቀዋል።

መኪናዋን የገዛን ጊዜ ከሾፌሩ በር አጠገብ ፋብሪካው የለጠፋት፣ መዳፍ የምታክል የነሐስ ሰሌዳ ነበረች። የመኪናዋ አቅም ተቀርጾባታል፤ በእኛ ሲመነዘር ዘጠና ኩንታል። ጋሽ ወርቅነህ በሳምንቱ አስነቀሏት። ሰው በሩን ሲከፍት ይቺን ካየ መቶ ሠላሳ ስንለው ማን ያምነናል አሉ። እኔም መፍቻውን ያቀበልኩ ሰው ነኝ።

በመሄጃዬ ቀን አስናቀች የሽሮና የበርበሬ ቋጠሮውን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠችና፣ ስድስት ወር ነው ያልከው፣ እኔ እቆጥራለሁ አለችኝ። ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ጋሽ ወርቅነህ ግን ከዘራቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው መከሩኝ።

«መኪናህን አታሳንሳት። በሰው አገር መኪናውን ያሳነሰ ራሱን ያሳንሳል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ተክለ ሃይማኖት ፊት ለፊት ስደርስ ባርኔጣዬን አውልቄ ተሳለምኩና ወደ ደቡብ ነጎድኩ።

ከኋላ ተሳቢው ላይ ረዳቴ በቀለ ተቀምጧል። በቀለ አርባ ዓመት የሞላው፣ ክንዱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የጠነከረ ሰው ነው። የእሱ ሥራ ታኮ ነበር። ዳገት ላይ ስንቆም፣ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ሲገፋኝ፣ በቀለ ይዘልና የእንጨቱን ታኮ ጎማው ሥር ይወትፋል። ሻሸመኔን፣ ዲላን፣ ያቤሎን እንዲህ እየዘለለ አለፍናቸው። ሞያሌ ስንደርስ ጫማው አልቆ ነበር።

ከድንበሩ ወዲያ የተቀበለን ሹም ነጭ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሳበ፣ ሸሚዙ በካውያ የተተኮሰ ጨዋ ሰው ነው። ሻሸመኔ ሲነግድ አማርኛ የለመደ አንድ የቦረና ሰው ያስተረጉምልናል። ሹሙ ሜትር ይዞ መኪናዋን ለካ፤ ርዝመቷን፣ ስፋቷን፣ ጭነቱ ከኋላ ምን ያህል እንደወጣ ሳይቀር። አበበ ቢቂላ ሮጦ የማይጨርሰው ልኬት ነበር ብል ማጋነኔ ነው፤ ግን እንደዚያ መሰለኝ። ከዚያ ተሳቢው ሥር ተንበርክኮ አየና ተነሣ።

«የተሳቢው ፍሬን የት አለ?»

«በቀለ ይባላል» አልኩት።

አስተርጓሚው ጥቂት አመነታና ተረጎመ። በቀለም ሊተባበር ፈልጎ ታኮውን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሹሙ በቀለን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

«በዓመት ስንት ጊዜ ይመረመራል?»

«በቀለ ታሞ አያውቅም» አልኩት።

አልሳቀም። በዚህ አገር ተሳቢ የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ያውም ከመኪናው ፍሬን ጋር የተያያዘ ካልሆነ፣ መንገድ አይረግጥም አለ። ተሳቢው ከነጭነቱ በእኛ አገር በኩል እንዲቀር ተፈረደበት፤ በቀለም አብሮት። ያን ጊዜ ደሜ ፈልቷል። ከመርካቶ ጀምሮ የጎተትኩትን ተሳቢ በአንድ ቃል ቆረጠብኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ወደ መኪናዋ ዞረ። በሩን ከፍቶ የፋብሪካውን ሰሌዳ ፈለገ። አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ አገኘ።

«ስንት ትጭናለች?» አለኝ።

መቶ ሠላሳ ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ መቶ ሠላሳ አፌ ላይ ነበረች። የጋሽ ወርቅነህ ቃልና የሰውየው ነጭ ካልሲ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ሁለት መቶ ኩንታል!»

በቀለ ከማዶ ሆኖ ጭኑን በጥፊ መታ፤ ደስ ብሎታል። እኔ ሹሙ ፈገግ ብሎ በልቡ እስኪቀንስ ጠበቅሁ። እሱ እስክሪብቶውን አወጣና ጻፈው። ሃያ ቶን። ማኅተም መታበት፣ የሦስት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፣ ናይሮቢ ገብተህ አስመዝግባት ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ያን ዕለት ገደሉን አላየሁም፤ እንዲያውም አሸንፌ የወጣሁ መስሎኝ ጥሩምባዬን ነፋሁ።

በቀለ ተሳቢውን የሚጎትትለት ሌላ መኪና አግኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። መርካቶ ደርሶ ምን እንዳወራ በኋላ ሰምቻለሁ። የፈረንጅ ካልሲ ያጠለቀ ሹም ሁለት መቶ ኩንታል ብሎ በማኅተም አጸደቀልን ብሏል። ውሸት አይደለም።

ናይሮቢ መጀመሪያ ታታልላለች። ብርዱ የአዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ጠዋት ካፖርት ያስፈልጋል፣ ዝናቡም እንደ እኛው ክረምት ቆርቆሮ ይደበድባል። መኪናው በግራ ይነዳል። እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኛም አገር በግራ ይነዳ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ የድሮ ጎረቤት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ይህ አገር ይሆነኛል አልኩ። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቂቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ ዝም ብሎ ገንፎ ነው። ከጎኑ ሱኩማ የሚሉት ጎመን ይቀርባል። ዓይኔን ጨፍኜ ጎመኑን ስቀምስ የጾም ቀን ይመስለኛል፤ ስከፍተው ደግሞ የሰው አገር ነው።

ያረፍኩት ኢስሊ ሠፈር፣ ማማ ዋንጂሩ የሚሏት ባሏ የሞተባት ሴት ጊቢ ውስጥ ነው። መኪናዋን የሚያስቆም ሰፊ ጊቢ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ምሽት ሳህን ሙሉ ምግብ ይዛ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ወግ ነውና፣ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፤ ሁለተኛ እስክትለምነኝ እየጠበቅሁ። እሷ እሺ ብላ ሳህኑን ይዛ ሄደች። በነጋታው ይህንኑ ደገምኩ፤ እሷም ሳህኗን ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ስትገባ ሽሮዬን በውሃ በጥብጬ ስጠጣ ደረሰች።

«ርቦህ ኖሯል እንዴ?» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ወግ ነው» አልኳት። «እኛ አገር እንግዳ ሦስት ጊዜ ሲለመን ነው የሚበላው።»

«እኛ አገር አፍህ የሚናገረውን ሆድህ ካላወቀው ትሞታለህ» አለችኝ።

ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከሁሉም በፊት እውነቱን የነገረችኝ እሷ ነበረች።

መኪና መመዝገቢያው ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ጸሐፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከነወረቀቴ ወርዶ መኪናዋን ዞራት። በዚህ አገር የጭነት መኪና የሚለካው በአክስል ነው፤ የግራውንና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘውን ዘንግ ይቆጥራሉ። ለእያንዳንዱ አክስል የተፈቀደ ክብደት አለ፤ ብዙ ልጫን ያለ አክስል ይጨምር ነው ሕጉ። ባዶ ክብደቷና የምትጭነው ልክ በሯ ላይ በቀለም ይጻፋል። መሪዋ እንደ እኔዋ በግራ ከሆነ ከኋላዋ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። እውነቱን ልናገር፣ ሕጉ መጥፎ አይደለም። አስፋልታቸው እንደ እኛው የሻሸመኔ መንገድ የአህያ ጀርባ አይመስልም።

ጸሐፊው የመኪናዋን አክስል በጣቱ ቆጠረ። ሁለት ነው። ወረቀቱን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ሁለት አክስል ያላት መኪና ሃያ ቶን መጫን ክልክል ነው» አለኝ።

በሰባራ እንግሊዝኛዬ «አልጭንም» አልኩት።

«ትችላለች ይላል።»

«ብትችልም አልጭንም።»

«መቻሏ ነው የተከለከለው።»

እንግዲያው አትችልም፣ ዘጠና ብቻ ናት አልኩ። ታዲያ ለምን ትችላለች አልክ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ መርካቶ አስረዳሁት። እንዴት እንደምንጨምር፣ ሰሚው እንዴት እንደሚቀንስ፣ ሁሉም ልኩን እንዴት እንደሚያውቅ ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝና ጠየቀኝ።

«በአገርህ ጭነት የሚለካው በምንድን ነው?»

«በዓይን።»

«በማን ዓይን?»

«በአማቴ።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ። የፋብሪካውን ሰሌዳ ካመጣህ፣ ወይም መኪናዋ ከተመዘገበችበት ከአገርህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካመጣህ አስተካክልልሃለሁ። እስከዚያ ጭና ቀርቶ ባዶዋንም መንገድ ላይ እንዳላያት። ድንበር ላይ የተጻፈውን እኔ በቃል አልፍቀውም አለ።

ወደ አገሬም ልመለስ እንዳልል ያው መንገድ የእሱው መንገድ ነው። መኪናዋ ማማ ዋንጂሩ ጊቢ ውስጥ ቆመች።

ለጋሽ ወርቅነህ ጻፍኩ። አሮጌዋን ሰሌዳ ፈልገው ይላኩልኝ፣ ከመዝገብ ቤትም ደብዳቤ ያውጡልኝ አልኩ። ለምን እንደምፈልጋት ግን አፍረጥርጬ አልጻፍኩም። አፈርኩ። በአንድ ቃል አጉል ጉራ ነፍቼ አምስት ሰው ገደል ከተትኩ ብሎ ለአማቱ የሚጽፍ ሰው ካለ እሱ ከእኔ ይሻላል። ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል ብቻ አልኩ።

መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ። ደብዳቤው ይጠቅመኝ መስሎኝ ስከፍተው፣ መጀመሪያ ስናስመዘግባት ሊብሬዋ ላይ መቶ ሠላሳ ኩንታል ብለን አስጽፈን ኖሯል፤ መዝገብ ቤቱ ያንኑ ገልብጦ ላከልኝ። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ። ፈታሁት። አዲስ የነሐስ ሰሌዳ ናት። የጋሽ ወርቅነህ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አሮጌዋ ሰሌዳ ታሳንስሃለች፤ ምን ያደርግልሃል ብዬ ምናለሽ ተራ ለሚሠራ ብልህ ቀጥቃጭ ሰጠሁት። እሷኑ አቅልጦ ይችን ሠራልህ። በቀለ እንደነገረን፣ ሹሙ እንዳጸደቀው ነው ያስቀረጽኩት።»

መካከሏ ላይ አንበሳ ተቀርጿል። ከአንበሳው ሥር 200 ይላል። እጁ የተባረከ ቀጥቃጭ ነው፤ ጎፈሩ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እውነቱን የምትናገር አንዲት ነሐስ በዓለም ላይ ነበረችኝ፤ እሷም ቀልጣ ጉራዬ ሆነች። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

የሊብሬውን ግልባጭ ይዤ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። ዘጠና ትላለህ፣ መንግሥትህ መቶ ሠላሳ ይላል፣ ድንበር ላይ ሁለት መቶ ብለሃል፣ ያንተ መኪና የትኛዋ ናት አለኝ። ፈቃዷም በዚያው ሳምንት አለቀ። እሱ ግን አዘነልኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜኑ መንገድ ላይ ካለው የመኪና ሚዛን ሥራ አስገባኝ።

ሥራዬን ስነግራችሁ ሳቁ፤ ፈቅጃለሁ። ዌይብሪጅ የሚሉት መሬት ላይ የተዘረጋ ትልቅ ሚዛን ነው፤ መኪናው ይወጣበታል፣ መርፌው ይቆጥራል። ከልኩ ያለፈውን ጭነት የማወርደው እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ጨምሩ ሲባል የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ትርፍ ጆንያ በጀርባዬ አወርዳለሁ። ሾፌሮቹ ይሰድቡኛል። ስድቡን ባላውቀው እንኳ ዜማውን አውቀዋለሁ፤ የራሴው ነበር። አንዱ ሾፌር አንድ ቀን፣ አንተ መኪና ነድተህ አታውቅም፣ የሾፌር ነገር አይገባህም አለኝ። ጆንያውን አስቀመጥኩና ፖሌ አልኩት፤ በእነሱ አነጋገር ይቅርታ ማለት ነው።

ማማ ዋንጂሩም ቦታዬን ይዛብኛለች ብላ መኪናዋ ላይ ዶሮ ማርባት ጀመረች። በጭነቱ ቦታ ግድግዳ፣ ስፖንዳው ላይ፣ ወንፊት ሽቦ ወጠረችበት። ምን ልበላት? ሽሮዬ ካለቀ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ትሰጠኛለች፤ እኔም አሁን በመጀመሪያው ልመና እቀበላለሁ። መኪናዋ ከመጣን ወዲህ የተሸከመችው ጭነት ዶሮ ብቻ ነው።

እንዲህ እያልኩ ስድስቱ ወር አለፈ፤ ዓመቱም አለፈ። አስናቀች በደብዳቤዋ ወሩን ጠቅሳብኝ አታውቅም። ማርታ እግሯን ወረቀት ላይ አቁማ ዙሪያውን በእርሳስ አሥላ ትልክልኛለች፤ ጫማ እንድገዛላት ነው። ሦስት እግር ደርሶኛል፤ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል። ግድግዳው ላይ በመስመር ለጥፌያቸዋለሁ፤ ማታ ማታ እጄን አነሣና እለካቸዋለሁ።

ባለፈው ወር አበራ መኪናውን እያሳደሰ ነው የሚል ቃል በደብዳቤ መጣ። ያን ጊዜ ኩራቴ ሁሉ አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ አስያዝኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወርቅነህ ቴሌ ቀርበው እንዲጠብቁኝ በቴሌግራም ነገርኳቸው። ናይሮቢ ፖስታ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ቁጥር ጠርተው ወደ እንጨቱ ሣጥን አስገቡኝ። ሦስት ደቂቃ አለህ አሉኝ። የምለውን በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ጉራ የለበት፣ ወግ የለበት።

ሰላምታው ብቻ አንዱን ደቂቃ በላው። እንዴት ከረምክ፣ ጤናህ፣ አገሩ፣ ብርዱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ አቋረጥኳቸው፤ በዕድሜዬ ሽማግሌ አቋርጬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ሥራ የለም። መኪናዋ ከመጣሁ ጀምሮ ቆማለች። አበራ እንዳይመጣ።»

«ቆማለች?» አሉኝ። የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ያ መጋዘን የሚሞላው ሳቅ።

«ጎበዝ! ሞቷል በላ። ነጋዴ ሆነሃል። እዚያም ስልክ የሚያዳምጥ ምቀኛ አለ?»

«ጋሼ፣ በማርታ ይዤዎታለሁ፤ እውነቴን ነው። ዶሮ ነው ያለባት።»

«ዶሮም ጀመርክ? ተባረክ» አሉኝ። «አበራ ረቡዕ ተነሥቷል። አደራ ብዬዋለሁ፤ ሲጠይቁህ ሁለት መቶ ሃምሳ በል ብዬዋለሁ። እንዳንተው አንበሳ ያለባት ሰሌዳም አሠርቼለታለሁ።»

የሣጥኑን ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ብታምኑም ባታምኑም፣ በዚያች ሰዓት እንኳ አንድ ተስፋ ነበረኝ። አስናቀች ነገር አታበዛም፤ ድምፄን ከሰማች ታውቀኛለች፤ እሷ አባቷን ታሳምናቸዋለች፣ ያቤሎ ላይ ቴሌግራም ያስይዙታል ብዬ አሰብኩ።

«አስናቀችን ያቅርቡልኝ» አልኩ።

«እሷማ ከአበራ ጎን ጋቢና ውስጥ ናት፤ ማርታንም ይዛለች። ሥራ ቀዝቅዟል ብለህ ከጻፍክ ጀምሮ ሀብት በሀብት ሆነሃል ብዬ ጓዟን አስሸጥኳት፤ ቤቱንም ለቀቀች። ድንገት እናስደስትህ ብለን ነው ሳንጽፍልህ…»

መስመሩ ተቆረጠ። ሦስት ደቂቃው አልቋል። ሣጥኑን ስከፍት ቀጣዩ ሰው እየተጋፋኝ ገባ፤ መልካም ዜና የሚጠብቅ ፊት ነበረው።

ይህን ጽሑፍ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሾፌር እሰጠዋለሁ። አውቶቡስ ተራ ስታነቡት የምትሉትን አውቃለሁ። ይሄ ሰውዬ በልቶ በልቶ አፉን ይጠርጋል፣ እኛ እንዳንመጣበት ነው ትላላችሁ። በልባችሁ ትጨምራላችሁ። እኔም ብሆን እጨምር ነበር። አሁን በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው መሐላ እንደምነግራችሁ አላውቅም።

ከረቡዕ ስቆጥር ያቤሎን አልፈዋል። ዛሬ ወይም ነገ ሞያሌ ይደርሳሉ። ነጭ ካልሲ ያጠለቀው ሹም በሩን ከፍቶ አንበሳ ያለባትን ሰሌዳ ያነባል፤ ስንት ትጭናለች ብሎ ይጠይቃል፤ አበራም ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል። ጋቢናው ውስጥ ማርታ ተኝታ ይሆናል። በዚህ ሚዛን ላይ ስትደርስ ጆንያ ተሸክሜ ታየኛለች፤ አራተኛውን እግሯን ግን በወረቀት ሳይሆን በአካል አያለሁ።

አስናቀችን ካየኋት ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መምጣቷን ያልለመንኩበት ቀን የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ሚዛኑ ላይ ቆሜ፣ ዝናብ ጥሎ መንገዱን እንዲቆርጠው ለተክለ ሃይማኖት ተሳልኩ። በሰሜን በኩል ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም።